የጸሎት ዓሦች

ቅዳሜ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኢንስፔክተር ከዲጃ እሪ በከንቱ ሰፈር ውስጥ ካለ አንድ አሮጌ ቤት ደረሰች። ግቢው በጎረቤት ተሞልቷል። ሟቹ አቶ ወልደገብርኤል የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ። አርባ ዓመት ፒያሳ ላይ ሰዓት ሲያድሱ ኖረው፣ የሚሠሩበት ሕንፃ ከፈረሰ ወዲህ መሣሪያቸውን ጠቅልለው ቤት ገብተዋል። አስከሬናቸው የተገኘው በራሳቸው አልጋ ላይ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት በኩላሊት ሕመም በሞተችው፣ ጸሎት በምትባለው ልጃቸው ክፍል፣ በእሷ አልጋ ላይ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነበር።

ከአልጋው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ አንድ ብርጭቆና አንድ ቡናማ ጠርሙስ ተቀምጠዋል። በብርጭቆው ሥር የቀረው ፈሳሽ ከጥቂት ጠብታ አይበልጥም።

«የበግና የፍየል የሆድ ትል መድኃኒት ነው» አለ ረዳቷ ሳጅን ገነነ። «ዓሦቻቸው ትል ይዟቸው ነበር። መድኃኒቱን ትናንት ያመጣላቸው ኢስማኤል የሚባል ዓሣ ሻጭ ነው። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ተከራዩ ሰምቷል። ኢስማኤል ‹ይገድልዎታል› እያለ ነበር አሉ። ሱቁ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ነው፤ ሄደን ይዘነዋል።»

ከዲጃ ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ አድርጋ በሩን ዘጋች። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ አንድ ልማድ አልለቀቃትም፤ ምንም ከመንካቷ በፊት ቆማ ታያለች።

የሟቹ ቀኝ እጅጌ ከክርን በላይ በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። የግራው እስከ አንጓቸው ድረስ ተቆልፏል። እግራቸው ባዶ ነው። ጫማቸው ግን አልጋው ሥር አይደለም ያለው። ከአልጋው አምስት እርምጃ ርቆ፣ በመስኮቱ በኩል ከቆመው የዓሣ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲዎቹ ተጣጥፈው ውስጡ ገብተዋል። እዚያ ጋ የሲሚንቶው ወለል እርጥብ ነው።

መስታወቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ከዲጃ ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ውሃው ወደ ግማሽ ወርዷል። አምስት ትንንሽ ባለ ረጅም ጅራት ዓሦች፣ ጉፒ የሚባሉት፣ ከሥር ተጠጋግተው ይንቀሳቀሳሉ። ከስተዋል እንጂ በሕይወት አሉ። ከመስታወቱ የወጣ ቀጭን ቱቦ ወለሉ ላይ ወዳለ ባልዲ ወርዷል። በባልዲው ውሃ ውስጥ ቀይ ክር የመሰሉ ትሎች ሞተው ተጋድመዋል። ከመስታወቱ አጠገብ፣ በታጠፈ መሐረብ ላይ፣ የሟቹ የእጅ ሰዓት ተቀምጣለች። አልቆመችም።

«ለዓሦቹ አየር የሚነፋው ፓምፕ ለምን ዝም አለ?» አለች ከዲጃ። «መብራት አለ እኮ።»

ገነነ የፓምፑን፣ የመብራቱንና የማሞቂያውን የጋራ ሽቦ በዓይኑ ተከተለ። የክፍሉ ሶኬት ከተቃጠለ ስለቆየ ሽቦው በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ወደ ሳሎን ይወጣል። ሳሎን ሄደው ሲያዩ ስፒናው ተነቅሎ ከቡፌው ጎን ወለል ላይ ወድቋል። ስፒናው ላይ የዓሦቹን መብራት በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ክብ መቁጠሪያ ተያይዟል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ይዞራል፤ ሲያጣ ባለበት ይቆማል። ከዲጃ ጎንበስ ብላ አነበበችው። ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ይላል። ቁጥሩን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችና ሳትነካው ተነሣች።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሳሎኑ ጥግ ላይ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ሰልሏል። ከዲጃ ከአጠገባቸው ዝቅ ብላ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ጠዋት ነው ልጄ። አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ወዲያው እኔ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ‹ከሰዓት ወደ ኢስማኤል ሱቅ ወረድ እላለሁ› ብሎኝ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ተመልሰው ነበር?»

«አንዴ። ለለቅሶው ቤት ሳህን ላመጣ። ዘጠኝ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ መብራት መጥቶ ነበር። ቤቱ ጭር ብሏል። ኢስማኤል ጋ የሄደ መስሎኝ አልተጣራሁም። ብጣራስ መቼ ይሰማኛል፤ ጆሮው ከብዷል።»

«ወደ ጸሎት ክፍል አልገቡም?»

«ልጄ ካረፈች ወዲህ እዚያ ገብቼ አላውቅም።» መሐረባቸውን በእጃቸው ጨበጡት። «ዓሦቹ የእሷ ናቸው። ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ‹ዓሦቼ በሉ?› ነበር የምትለው። የሚገባው እሱ ነው። በሩን ዘግቶ ያወራቸዋል። እኔ ከውጭ ሆኜ እሰማዋለሁ።» ቀጥለውም፣ «አምስት ናቸው የቀሩት» አሉ። «ባለፈው መብራት ጠፍቶ ባደረ ጊዜ ሁለቱ በብርድ ሞቱበት። እንደ ሰው አለቀሰላቸው። እባክሽ ልጄ፣ ውሃው እንዳይቀዘቅዝባቸው።»

ልጃቸው ቃለአብ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነው። ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ስልክ ይጠግናል። ከዲጃ ያገኘችው በረንዳው ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነው።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የመጣሁት» አላት ሳያያት። «አልጋው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ብርጭቆውን ሳይ ገባኝ።»

«ምኑ ገባህ?»

«መድኃኒቱን እንደጠጣው።»

«ራሳቸው?»

«አላውቅም።»

«ከመጣህ በኋላ የነካኸው ነገር አለ?»

«እሱን ብቻ» አለ።

ተከራዩ ፍስሃ ደግሞ ጓሮ ካለችው ክፍል የሚኖር፣ ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ የሚጋግር ሰው ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መስኮታቸው ክፍት ነበር። ኢስማኤል ‹ጋሼ፣ ይገድልዎታል እኮ› ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እሳቸውም ‹አንተ ምን አገባህ› አሉት።»

«አንተስ ከእሳቸው ጋር ትስማማለህ?»

ፍስሃ ፊቱ ቀላ። «ምድጃዬን ስሰካ ቆጣሪው ይወድቃል። ያን ጊዜ ዓሦቹ በረዳቸው ብለው ይቆጡኛል። እኔም እመልሳለሁ። ያ ብቻ ነው። ቤታቸው ግን ገብቼ አላውቅም። የሳሎኑ ቁልፍ ያለው ሦስቱ ጋ ብቻ ነው፤ እሳቸው፣ እትዬና ቃለአብ ጋ።»

«ዛሬ ከሥራ ስንት ሰዓት ተመለስክ?»

«እንደ ሁልጊዜው አስር ሰዓት። እንዲያውም ስገባ ቃለአብ በሩን ሲከፍት ጀርባውን አይቻለሁ።»

ከዲጃ ብዕሯን ለቅጽበት አቆመች። ከዚያ ጻፈችው።

እሑድ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት የምሳ ዕቃ አቅፋ ቆማ ነበር። የኢስማኤል ሚስት ሶፊያ ናት።

«ሱቁን በድንጋይ ሰባበሩት» አለቻት ከዲጃን። «መርዘኛ ይሉታል። ልጆቼን ከቤት ማስወጣት ፈርቻለሁ። ደግሞ አንዷን ዓሣ ከሞት ላድን ብሎ ከተማውን ሲያስስ የከረመ ሰው ነው።»

ኢስማኤል ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላየ ዓይኑ ያስታውቃል። ከዲጃ ወንበር ሰጠችው።

«ስለ መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ጋሼ ከወር በፊት ከእኔ ዓሣ ወስደው ነበር። ትሉ ከእነዚያ ጋር የገባ ይመስለኛል። እኔም አላየሁትም፤ ከውስጥ ነው የሚኖረው። ዓሣው እየበላ ይከሳል። ቆይቶ ከሆዱ ሥር ቀይ ክር የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አልቀዋል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ለዓሣ ተብሎ የሚመጣውን መድኃኒት ባጣ የበጉን አመጣሁላቸው። ከውሃው ጋር ነው የሚደባለቀው። አንዱን መጠን ዓርብ፣ ሌላውን ከሦስት ሳምንት በኋላ። በመጀመሪያው ያልሞተ በሁለተኛው ይሞታል። ብርሃን ስለሚያበላሸው በጥቁር ጨርቅ እንሸፍነው አልኳቸው። በነጋታው በዚያው ሰዓት፣ ዘጠኝ ላይ፣ የወደቀውን ትል በቱቦ ስበው እንዲያወጡ ነገርኳቸው።»

«ጠርሙሱ ውስጥ ምን ያህል ነበር?»

«የሁለት ጊዜ ብቻ። ራሴ በስሪንጅ ለክቼ የአንዱ ጊዜ የት ጋ እንደሚያልቅ በብዕር አስምሬበታለሁ።»

«ታዲያ ‹ይገድልዎታል› ያልከው ምንድን ነው?»

«ማሞቂያውን ነው። ውሃው ውስጥ የሚቆመው የመስታወት ማሞቂያ ተሰንጥቆ በሙጫ ተለጥፏል። ‹ጋሼ ይጣሉት፣ ይገድልዎታል፤ ሌላ እስካመጣልዎ ስፒናውን ሳይነቅሉ እጅዎን እንዳያስገቡ› አልኳቸው። ተቆጡኝ።»

«ለምን?»

ኢስማኤል አንገቱን ደፋ። «‹ልጄ በእጁ የሠራውን አልጥልም› አሉ። ስፒናውን ለመንቀል ግን እሺ አሉኝ። ይህንን ለያዙኝም ነግሬያለሁ። ስፒናው ተነቅሎ ተገኝቷል፣ ዓሦቹም አልሞቱም አሉኝ። ውሸቴን መሰላቸው።»

«እኔም ይህን ነው የማልረዳው» አለ ገነነ ከወጡ በኋላ። «ኤሌክትሪኩ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚሞቱት ዓሦቹ ነበሩ።»

ከዲጃ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዛ ወደ ሟቹ ቤት ተመለሰች። ሰውየው ስፒናውን ሰክቶ መሞከሪያውን ውሃው ውስጥ ሲነክር አምፖሏ በራች። ዓሦቹ ግን እንደ ወትሮው ይዋኛሉ። ከዲጃ ማሞቂያውን አስነቅላ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ስንጥቁ ላይ የተቀባው ሙጫ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ የስልክ ስክሪን የሚለጠፍበት ዓይነት። ቡናማውን ጠርሙስም አነሣች። ፈሳሹ ኢስማኤል በብዕር ካሰመረው መስመር በጥቂት ጠብታ ብቻ ዝቅ ብሏል። ከመሄዷ በፊት ለአምስቱ ዓሦች ብላ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው።

ሰኞ አቶ ወልደገብርኤል ከልጃቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ልባቸው በድንገት መቆሙን፣ ሰውነታቸው ላይ ቁስል አለመኖሩን ነገራት። የመርዝ ምርመራው ውጤት ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ኢስማኤል እንደታሰረ ይቆያል ማለት ነው።

ማክሰኞ ከዲጃ ወደ ቃለአብ ሱቅ ሄደች። በጥቁር ልብሱ ሆኖ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል፤ ምንም አይሠራም። ቤት መዋል አቅቶት እንጂ ለሥራ እንዳልመጣ ታየዋለች። ጎረቤቱ ባለ ሱቅ ቅዳሜ ቃለአብ እስከ አስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ድረስ ደንበኛ ሲያስተናግድ እንደነበረ አስቀድሞ ነግሯታል።

ባንኮኒው ላይ ያለችውን ትንሽ የሙጫ ቱቦ አንሥታ አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ቃለአብ፣ ኢስማኤል ከታሰረ አራተኛ ቀኑ ነው» አለችው። «ልጆቹ ከቤት አይወጡም።»

ቃለአብ የሙጫውን ቱቦ ወደ መሳቢያው ከተተው።

«እኔ የማውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። እናትህ ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙት ይሻላቸዋል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገባ ንገራቸው። ካልሆነ ነገ በሠልስቱ እመጣለሁ።»

«አልችልም» አለ ቃለአብ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «እህቴን ቀብራለች። አሁን ደግሞ እሱን። ይህን ጨምሬ አልነግራትም።»

ረቡዕ ጠዋት ከሠልስቱ ጸሎት በኋላ ከዲጃ ለቅሶ ደራሾቹ ለጥቂት ጊዜ ግቢ እንዲቆዩ ጠይቃ የሳሎኑን በር ዘጋች። ውስጥ የቀሩት ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ቃለአብና ፍስሃ ናቸው። ገነነ ኢስማኤልን ከጣቢያ አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው፤ ሶፊያ ከጎኑ ቆመች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ኢስማኤልን አንድ ጊዜ አይተውት ፊታቸውን አዞሩ።

«እማማ» አለች ከዲጃ፣ «አቶ ወልደገብርኤል መድኃኒት አልጠጡም። ማንም አላጠጣቸውም።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀና አሉ።

«ጠርሙሱ የያዘው የሁለት ጊዜ መድኃኒት ነበር። አንዱ ዓርብ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊገባ የታሰበው፣ እዚያው አለ። ከእሱ የጎደለው ብርጭቆው ሥር የነበረው ጠብታ ብቻ ነው። ሰውን የሚገድል ነገር ከዚያ ጠርሙስ አልወጣም።»

«ታዲያ ምን ገደላቸው?» አለ ፍስሃ።

«የሞቱት አልጋው ላይ አይደለም። ሊተኛ የሄደ ሰው ጫማውን አልጋው ሥር ያወልቃል። የእሳቸው ጫማ መስታወቱ ሥር ነበር። ውሃ እንዳይነካው አውልቀው፣ ቀኝ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ሰዓታቸውን መሐረብ ላይ አኑረው ነበር። ሰዓቷን መልሰው ሊያስሯት ነው ያኖሯት። ኢስማኤል እንዳላቸው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሉን በቱቦ መሳብ ጀመሩ። ባልዲው ውስጥ የሞቱ ትሎች አሉ፤ ውሃው ግማሽ ወርዷል። መድኃኒቱ ሠርቶላቸዋል። ሥራውን ግን አልጨረሱትም። እጃቸው ውሃው ውስጥ እያለ ልባቸው ቆመ።»

«ማሞቂያው» አለ ኢስማኤል በለሆሳስ።

«አዎ፣ ማሞቂያው። ዓርብ የተጨቃጨቁት በእሱ ነው። ፍስሃ የሰማኸው ‹ይገድልዎታል› ትክክል ነው። የተባለው ግን ስለ መድኃኒቱ አልነበረም። ኢስማኤል ሊያስጠነቅቃቸው ነው የጮኸው።»

ፍስሃ እጁን ወደ አፉ ወሰደ።

«ዓሦቹስ?» አለ ገነነ። ይህን ጥያቄ እሱ እንዲጠይቀው ፈልጋ እንደነበር ያውቃል።

«ወፍ ሽቦ ላይ ስታርፍ አትሞትም። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ሲያገኝ ነው የሚገድለው። ዓሦቹ መሬት አይነኩም። አቶ ወልደገብርኤል ግን በባዶ እግራቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ነበር። መንገዱ እሳቸው ሆኑ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ስፒናውን ሳይነቅል አይነካውም ነበር» አሉ። «አርባ ዓመት ሰዓት የፈታ ሰው ነው። እሱ ጥንቁቅ ነው።»

«ነቅለውታል እማማ። ያን ጊዜ መብራትም አልነበረም። ግን መብራት ኃይል እንደነገረኝ መብራት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መጣ።» ከዲጃ ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «ስፒናው ላይ ያለው መቁጠሪያ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ብቻ ይዞራል። መብራት ሲጠፋ አራት ሰዓት ላይ ቆመ። እኔ ስደርስ ተነቅሎ ወለል ላይ ነበር፤ አራት ሰዓት ተኩል ይላል። ስለዚህ በመሀል ለግማሽ ሰዓት ተሰክቶ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው ነቀለው፤ አቶ ወልደገብርኤልን ከመስታወቱ አንሥቶ አልጋ ላይ አስተኛቸው፤ መስታወቱን መልሶ በጨርቁ ሸፈነ፤ ጠርሙሱንና ብርጭቆውን አመጣ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጣሁ ያለን ሰው የገባው አስር ሰዓት ላይ ነው። ፍስሃ አይቶታል።»

ሁሉም ወደ ቃለአብ ዞሩ።

ቃለአብ ከተቀመጠበት አልተነሣም። «መስታወቱ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት» አለ። «ስፒናውን ነቅዬ ተመለስኩ። ደረቱን ተጫንኩ፤ ተነፈስኩለት። እጁ ቀዝቅዟል። ከዚያ አቅፌው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ማሞቂያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ‹ይይዛል አባዬ› ብዬው ነበር።» ትንፋሽ ሳበ። «ራሱ ጠጣው ይላሉ ብዬ አሰብኩ። ማንም አልገደለውም ይባላል አልኩ።»

«ማንም ያልከው ኢስማኤል ሆነ» አለች ከዲጃ።

«አውቃለሁ። በየቀኑ ልናገር እነሣለሁ፤ እቀመጣለሁ።» ከዚያ ወደ ኢስማኤል ዞረ። «ማሞቂያውን እንዲጥለው እንደነገርከው አላውቅም ነበር። ለምን አልጣለውም?»

ኢስማኤል ሊመልስለት አልፈለገም። ቃለአብ ግን ዓይኑን አልነቀለም።

«‹ልጄ በእጁ የሠራውን አልጥልም› አሉኝ» አለ በመጨረሻ።

ቃለአብ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከግቢ የለቅሶ ደራሾች ሹክሹክታ ይሰማል።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ ፍስሃ፣ ሳያስበው። «ስፒናውን ማን ሰካው?»

ከዲጃ መልሱን ታውቃለች። መብራት ሲመጣ ቃለአብ ሱቁ ነበር፣ ፍስሃ ቁልፍ የለውም፣ ሦስተኛው ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው። ኢስማኤልን ለማስፈታት የሚያስፈልገውን ሁሉ ተናግራለች። ከዚህ በላይ መናገር ግን አንደበቷ እምቢ አላት።

«እኔ ነኝ» አለ ቃለአብ ፈጥኖ። «እኔ ነኝ የሰካሁት።»

ገነነ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዲጃ በዓይኗ አስቆመችው።

«አንተ አይደለህም ልጄ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

«ሳህን ላወጣ ስመጣ ፍሪጁ ሲነሣ ሰማሁ። መብራት መጣ አልኩ። ስፒናው ወለል ላይ ነበር። ረስቶት ሄደ፣ ይበርዳቸዋል አልኩ። ሁልጊዜ እኮ እኔ ነኝ የምሰካው። እሱ አያውቅም። መብራት ሲመጣ ቶሎ ብዬ እሰካና እሄዳለሁ። ገብቼ ማየት ቢያቅተኝ እንኳ፣ የእሷ ናቸውና፣ እንዳይበርዳቸው ብዬ።»

«እማዬ» አለ ቃለአብ።

«ከግድግዳው ማዶ ነበር?» ጥያቄያቸው ለከዲጃ ነው።

«አዎ እማማ።»

«ተሰምቶት ይሆን?»

«ሐኪሙ ልባቸው ባንዴ ነው የቆመው ብሏል። ማን እንደሰካው የሚያስቡበት ጊዜ አልነበራቸውም።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁ። አላለቀሱም። ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ጎትተው ራሱን ደረታቸው ላይ አኖሩት፤ እሱ ነው የተንሰቀሰቀው። «ይህን አራት ቀን ብቻህን ተሸከምከው?» አሉት። «እኔ አጠገብህ ተቀምጬ?»

ቆይተው ተነሡ። ወደ ኢስማኤል ሄደው እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ እሱ ቀደም ብሎ ክንዳቸውን ያዛቸው።

«ተዉ እትዬ፣ ይህን አያድርጉ።»

«አራት ሌሊት በእኛ ምክንያት ታሰርክ። ፊቴን አዞርኩብህ።»

«ያለፈው አለፈ። የቆጨኝ ቀብራቸው ላይ አለመቆሜ ነው» አለ ኢስማኤል። ሶፊያ ከጎኑ ሆና ዓይኗን በሻርፗ ጠረገች።

ከዲጃ ቃለአብን ወደ በረንዳው ይዛው ወጣች። «በእናትህ ላይ የሚቀርብ ክስ አይኖርም» አለችው። «ያንተን ግን እኔ አልወስንም። ማስረጃ አዛብተሃል፤ ንጹሕ ሰው ታስሯል። አሁን ከሳጅን ጋር ሄደህ ያልከውን ሁሉ ቃል ትሰጣለህ።»

«እሺ» አለ። ፊቱ ላይ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ዓይነት ነገር ነበር። እናቱ ደጃፉ ድረስ ተከትለውት የኮቱን ቁልፍ ቆለፉለት። ከገነነ ጋር በግቢው መሀል ሲያልፍ ለቅሶ ደራሾቹ መንገድ ለቀቁ። የት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ከግቢ የቆመው ሰው መግባት አለመግባቱን አላወቀም። ለቅሶ ተቀባይ ወንድ በቤቱ አልቀረም። ባላቸው ከመሬት በታች ናቸው፤ ልጁ ወደ ጣቢያ እየሄደ ነው። ፍስሃ ወንበሮቹን ያስተካክል ጀመር፤ ግን ወደ በሩ ለመሄድ ድፍረት አላገኘም።

ኢስማኤል ከቆመበት ተንቀሳቀሰ። ሸሚዙ አራት ቀን የለበሰው ነው፤ ፂሙ አድጓል። የሳሎኑን በር ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተና ደፉ ላይ ቆመ። ሱቁን በድንጋይ ሲሰባብሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ከፊት ነበሩ። እነሱ አቀርቅረው ቆሙ።

«ግቡ» አላቸው ኢስማኤል። «ብቻቸውን ናቸው።»

አንድ በአንድ ገቡ። እሱም መቀመጫውን እያሳየ፣ እስከ ማታ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላቸው።